የግሬይሃውንድ ማኅበራችን አስተባባሪ 8 ዓመት ደፈነች፤ ሥራዋን የምታውቁ እዚህ ጻፉ

ቀጭን_እግር (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ከእሽቅድምድም የወጡ ግሬይሃውንድ ውሾችን እየተቀበለ ቤት የሚፈልግላቸው ማኅበራችን ውስጥ፣ መጓጓዣውንና ቅበላውን የምታስተባብረው እህታችን በዚህ ወር 8 ዓመት ደፈነች። አንድ ሳንቲም አይከፈላትም። ስሟን አደባባይ ላይ አላወጣም፣ እሷም አትወድም፤ የምታውቋት ታውቋታላችሁ። «እጅሽ ይባረክ» ማለቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ውሻውን የምናየው ታጥቦ፣ ጥፍሩ ተቆርጦ፣ መድኃኒቱን ጨርሶ በራችን ላይ ሲቆም ነው። ከዚያ በፊት ያለውን አናይም። ሥራዋን በቅርብ የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልኝ፤ ተጠርዞ ይሰጣታል፣ ሥራውን ሊካፈላት ለሚፈልግም መመሪያ ይሆነዋል።

በመጓጓዣው ልጀምር። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቀድሞ ብዙዎቹ ውሾች ከፍሎሪዳ ነበር የሚመጡት። በኖቬምበር 2018 የፍሎሪዳ መራጭ 69 በመቶ በሆነ ድምፅ እሽቅድምድሙ ይቁም አለ፤ የመጨረሻው ቀን ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ሆነ። አሁን አሜሪካ ውስጥ የቀሩት ሁለት ሜዳዎች ናቸው፣ ሁለቱም ዌስት ቨርጂኒያ፦ ዊሊንግ እና ክሮስ ሌንስ። ከዊሊንግ ዋሽንግተን አካባቢ ለመድረስ ከ4 ሰዓት በላይ ይነዳል፣ ያውም ተራራ ለተራራ። እሷ ደርሶ መልሱን በአንድ ቀን ትጨርሰዋለች፤ ውሻ በማያውቀው ሆቴል ማደሩ ከመንገዱ ይልቅ ስለሚያስጨንቀው።

ቫኑ ውስጥ የማትዛነፍባቸው ነገሮች አሉ። ውሻው በጉዞው ጠዋት አይበላም፣ ውሃ ግን ይጠጣል፤ ጠግቦ ከተጫነ ያስመልሰዋል። ሁሉም የአፍ መከለያ ያደርጋሉ፣ ገራም ነው የተባለውም ጭምር፤ ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ሌላውን ውሻ የማያደማ ንክሻ እነሱን ስፌት ውስጥ ይከታል። የክሬቱ (ውሻው የሚገባበት ሳጥን) በር የሚከፈተው የቫኑ በር ተዘግቶ ሳለ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሊሹ (መያዣ ገመዱ) ይታሰራል፣ ኮላሩ (የአንገት ማሰሪያው) ይፈተሻል፣ ከዚያ በኋላ ነው የቫኑ በር የሚከፈተው። ሁለቱ በሮች አብረው ክፍት ሆነው አይታዩም። አያያዟንም ልብ በሉ፦ የሊሹን ቀለበት አውራ ጣቷ ላይ ታጠልቅና ጡጫዋን ትዘጋበታለች፣ በሁለተኛው እጇ ደግሞ ከኮላሩ አንድ ክንድ ርቃ ትይዛለች። ግሬይሃውንድ በጥቂት ዝላይ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ይደርሳል፣ እሱም በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው። ቀለበቱ በጣት ጫፍ ከተያዘ ውሻው ሄደ ማለት ነው።

---

የቅበላ_ቀን

ወንድሜ ጥሩ ጀምረሃል። እኔ ስለ ቅበላው ልጨምር፣ ትልቁ ድካም ያለው እዚያ ነውና።

ቫኑ ሲደርስ መጀመሪያ የሚነበበው ጆሮ ነው። የአሜሪካ ውሾች በሁለቱም ጆሮዎቻቸው ውስጥ አረንጓዴ ንቅሳት አላቸው። የቀኝ ጆሮው የተወለደበትን ወርና የዓመቱን የመጨረሻ አኃዝ ይነግራል፣ ፊደሉ ደግሞ በአንድ ሆድ ከተወለዱት መካከል ስንተኛ ሆኖ እንደተነቀሰ። 58ሲ የሚል ካያችሁ በ2018 ግንቦት ላይ የተወለደ፣ ሦስተኛው ማለት ነው። 128ቢ ከሆነ ዲሴምበር 2018፣ ሁለተኛው። የግራ ጆሮው ካንሳስ አቢሊን ያለው ብሔራዊ የግሬይሃውንድ ማኅበር የሰጠው የምዝገባ ቁጥር ነው፤ አንድ ሆድ የወጡ ሁሉ አንድ ቁጥር አላቸው። ንቅሳቱ ጠቆር ባለ ጆሮ ላይ አይነበብም፤ እሷ የስልኳን መብራት ከጆሮው ጀርባ ታበራና ጆሮውን በሁለት ጣት ወጠር ታደርገዋለች፣ ያኔ ፊደሉ ከውስጥ ብቅ ይላል። ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ ውሻው ከመስመሩ ይወጣል፣ ነገሩ ሳይጣራ ክትባት አይሰጠውም። ሁለት ጥቁር ወንዶች በወረቀት ቢቀያየሩ የአንዱ የጤና ታሪክ ለሌላው ይሄዳልና።

ቀጥሎ መዥገር። ጣት ለጣት መካከል፣ ጆሮ ውስጥ፣ ከጅራት ሥር። በመዥገር መንቀያ ቆዳው ድረስ ተጠግታ ይዛ ቀጥ አድርጋ ትስባለች። ጋዝ ማፍሰስ፣ በክብሪት መተኮስ የሚባለውን እርሱት፤ መዥገሩ ሲጨነቅ የሆዱን ወደ ቁስሉ ይመልሳል፣ በሽታውም አብሮ ይገባል።

ከዚያ ገላ። ለብ ያለ ውሃ፣ ከአንገት ወደ ኋላ፣ ራስ መጨረሻ ላይ በእርጥብ ፎጣ። ሻምፖው እንደየመመሪያው ደቂቃውን ይቆያል። ስብ ስለሌላቸው ቶሎ ይበርዳቸዋል፤ ለአንድ ውሻ ሁለት ደረቅ ፎጣ ካልተዘጋጀ ገላው አይጀመርም። ጭናቸው ላይ ፀጉር ባይኖር አትደንግጡ፣ በዘሩ የተለመደ ነው፣ ቤት ከገቡ በኋላ በብዙዎቹ ይበቅላል።

ጥፍር፦ በአንድ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ። ጥቁር ጥፍር ላይ ደም ስሩ አይታይም፤ የተቆረጠው ፊት መሃል ላይ ጠቆር ያለ እርጥብ ነጥብ ብቅ ሲል ይቆማል። ከደማ ደም ማቆሚያ ዱቄት፣ እሱ ከሌለ የበቆሎ ስታርች ተጭኖ ይያዛል። በአንድ ቀን 8 ውሻ ከመጣ፣ በአንዱ እግር ላይ 4 ጥፍር አለ፣ የአውራ ጣቱም አለ። ቁጠሩት።

---

አዲስ_ገቢ_ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ይቅርታ በመካከል ልግባ። በሚመጣው ወር ለፎስተር (ውሻው ቋሚ ቤት እስኪያገኝ ለማቆየት) ተመዝግበናል። ኮላሩ «ማርቲንጌል ካልሆነ አንሰጥም» ብላ በጥብቅ ነገረችን። ቤት ያለው ተራ ኮላር ለምን አይሆንም? ሊሹስ እየተሳበ የሚረዝመው ቢሆን?

---

ቀጭን_እግር

እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ። ምክንያቱ ራሱ ውሻው ላይ ነው፦ የግሬይሃውንድ አንገት ከጭንቅላቱ ይሰፋል። ተራ ኮላር ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ሲጎትት በጆሮው ላይ ተንሸራቶ ይወጣል። ማርቲንጌል ሁለት ቀለበት አለው፤ ውሻው ሲስብ ትንሹ ቀለበት ትልቁን ያጠብበዋል፣ ሲለቅ ይለቃል። ልክ ሆኖ ሲታሰር፣ ሲሳብ ሁለቱ የብረት ቀለበቶች ሊነካኩ ይቀርባሉ እንጂ አይነካኩም። ከተነካኩ ሰፍቷል፤ ጠበቅ አድርጊው። ቦታው የአንገቱ ላይኛው ክፍል፣ ከጆሮ ሥር ነው። ክሬት ውስጥ ግን ይወልቃል፤ ብረቱ ላይ ከተሰካ ያንቃል።

የሚረዝመው ሊሽ ፈጽሞ አይሆንም። ውሻው 5 ሜትር ያህል ፍጥነት ሰብስቦ ሄዶ በአንድ ጊዜ ሲቆም ኃይሉ ሁሉ አንገቱ ላይ ነው የሚያርፈው። መያዣው ከእጅ ካመለጠ ደግሞ ፕላስቲኩ እየተንኳኳ ከኋላ ይከተለዋል፣ ውሻው ከእሱ እየሸሸ አውራ ጎዳና ድረስ ይሮጣል። 6 ጫማ የሆነ ተራ ሊሽ ይዘሽ ነይ። በገመድ ግቢ ውስጥ አስሮ መተውም በዚሁ ምክንያት ክልክል ነው።

---

የክሊኒክ_እጅ

እኔ የምመሰክርላት አንድ ነገር ነው፦ ውሻ ወደ ሐኪም ስትልክ አብራው አንድ ገጽ ማስታወሻ ትልካለች። ያች ገጽ ስንት አላስፈላጊ መድኃኒት እንዳስቀረች መቁጠር አይቻልም።

የዚህ ዘር ደም ከሌላው ውሻ ይለያል። ቀይ የደም ሴል መጠኑ ከፍ ያለ ነው፤ ሄማቶክሪቱ (ቀይ ሴሉ ከደሙ ያለው ድርሻ) ከ50 በመቶ በላይ፣ እስከ 60ዎቹም ቢሆን ለእነሱ ጤና ነው። ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) ከሌላው ውሻ ያንሳል። ክሬአቲኒን (ኩላሊት የሚለካበት) ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከጡንቻቸው ብዛት የተነሣ፤ ኩላሊት ታመመ አያሰኝም። ቲ 4 የሚባለው የታይሮይድ ሆርሞን ዝቅ ብሎ ይገኛል። ይህን የማያውቅ ሐኪም ጤነኛ ውሻ ላይ የታይሮይድ ኪኒን ያዝዛል፣ ባለቤቱም ዕድሜ ልኩን ሲገዛ ይኖራል።

ማደንዘዣ ላይ ደግሞ ይበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጉበታቸው አንዳንድ መድኃኒቶችን ቀስ ብሎ ነው የሚያስወግደው፤ ቲዮፔንታል የሚባለው አሮጌው ማደንዘዣ ከተሰጣቸው ሳይነቁ ይቆያሉ። ከቀዶ ጥገና በኋላም የሚያስጨንቀው ያ ቀን አይደለም፣ ከ1 እስከ 3 ቀን ያለው ነው። በቀዶ ጥገናው ሰዓት የደም መርጋት ጥሩ ሆኖ፣ የረጋው ደም በማግስቱ ቶሎ ይሟሟና ከቁስሉ ዙሪያ እስከ ጭን ድረስ ይጠቁራል። ይህን በሰፊው ያጠኑት በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዶክተር ጊየርሞ ኩቶ ናቸው። መከላከያው አሚኖካፕሮይክ አሲድ ወይም ትራኔክሳሚክ አሲድ ነው፣ ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው ጀምሮ ለጥቂት ቀናት ያዝዘዋል። እሷ የማምከኛ ቀጠሮ የምትይዘው ሰኞና ማክሰኞ ብቻ ነው። ሐሙስ የተሠራ ውሻ ቅዳሜ ማታ ቢደማ ክሊኒኩ ዝግ ነው፣ የድንገተኛ ሆስፒታሉ ሂሳብ ደግሞ የማኅበሩን ወር ይበላዋል። ይህን ያሰበችው እሷ ናት።

ማስታወሻዋ ላይ የማይቀር ሌላም አለ፦ የመዥገር በሽታ ምርመራ (ባቤዚያ እና ኤርሊኪያ)፣ የልብ ትል ምርመራ፣ ሰገራ። ሰገራው አንድ ጊዜ ተመርምሮ አያበቃም። ከእሽቅድምድም ቤት የሚመጡ ውሾች የሚይዙት የመንጠቆ ትል የተለመዱትን መድኃኒቶች የተላመደ (የማይሞትባቸው) ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ እንደገና ይቆጠራል።

---

ደረጃ_በደረጃ

ፎስተር ቤቶችን የምታሠለጥነውም እሷ ናት። አዲስ ገቢ እህታችን ይህ ይጠቅምሻል።

እነዚህ ውሾች ደረጃ አያውቁም፣ መስታወት በር አያውቁም፣ የሚያንሸራትት ወለል አያውቁም። መስታወቱ ላይ በውሻው ዓይን ቁመት የወረቀት ፕላስተር ለጥፊ፣ ጥቂት ሳምንት ይቆይ። ላሚኔት ወለል ላይ ከበር እስከ መኝታው ድረስ ምንጣፍ አያያዢ፤ እግሩ አንዴ ከከዳው መሃል ላይ ቆሞ አይንቀሳቀስም። ደረጃ ሲማር አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ። ከፊት ያለው አይጎትትም። ከኋላ ያለው እግሩን አንድ በአንድ አንሥቶ ደረጃው ላይ ያስቀምጥለታል። መውረድ ከመውጣት ይከብዳል፤ ስለዚህ ከታች ካሉት ሁለት ደረጃዎች ይጀመራል እንጂ ከላይ አይጀመርም፤ ከላይ ከተጀመረ ሁሉንም በአንድ ዝላይ ሊጨርሰው ይሞክራል፣ እግር የሚሰበረው ያኔ ነው።

ምግብ፦ በሜዳው ጥሬ ሥጋ የተቀላቀለበት ነው የሚበሉት። ድንገት ወደ ደረቅ ምግብ ሲዛወሩ ይቀዝናሉ። እሷ መጀመሪያ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ሁለቴ ታስጀምርና አንድ ማንኪያ የላመ ተራ ዱባ ትጨምርበታለች፣ ቅመምና ስኳር የሌለበትን። ከምግብ በፊትና በኋላ አንድ ሰዓት ሩጫ የለም፤ ደረተ ጥልቅ ስለሆኑ ሆዳቸው ተነፍቶ የመጠምዘዝ አደጋ አለባቸው። ሆዱ ተወጥሮ፣ ሊያስመልሰው እየሞከረ ምንም ካልወጣው እስከ ጠዋት አይጠበቅም፣ ያኔውኑ ሆስፒታል። ክብደቱ ከሚሮጥበት ክብደት ከ3 እስከ 5 ፓውንድ ቢጨምር በቂ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጎድኖች ለዓይን ቢታዩ ደህና ነው።

እንቅልፍ ላይ ያለን ውሻ ከመንካት በፊት ስሙን መጥራት። ዓይኑን ገልጦ ይተኛል፣ ነቅቷል ብላችሁ ትነኩታላችሁ፣ ደንግጦ ይነክሳል። ክፋት የለበትም። ልጆች ካሉ መኝታው ከመተላለፊያ ይራቅ።

---

ሰላም_ፈላጊ

ሁሉም እውነት ነው፣ ምስጋናውም ይገባታል። ነገር ግን አንድ ቅሬታ በግልጽ ላንሣ፦ ድመት ያላቸውን ቤተሰቦች ብዙ ታስጠብቃለች። ጥሩ ቤተሰቦች ሰልችቷቸው ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። ውሻው ከድመት ጋር መኖር መቻሉ የሚታይበት ፈተና 10 ደቂቃ ከሆነ ለምን 3 ሳምንት?

---

የቅበላ_ቀን

ቅሬታህ ተገቢ ነው ወንድሜ፣ ግን ምክንያት አለው። በመጣ በመጀመሪያው ቀን የደከመና የደነገጠ ውሻ ድመት ቢያይም ዞር ይላል። ፈተናውን አለፈ ይባላል፣ በ2ኛው ሳምንት ሲዝናና ሌላ ውሻ ይሆናል። ስለዚህ ካረፈ በኋላ ትፈትነውና ትደግመዋለች።

አፈታተኗ ይህ ነው። ውሻው መከለያና ሊሽ አለው። ድመቷ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት፣ መውጫ አላት፣ ማንም አይዛትም። የሚታየው የመጀመሪያው እይታ ሳይሆን ከእይታው በኋላ ያለው ነው። አይቶ፣ አሽትቶ፣ ስሙ ሲጠራ ከተመለሰ ተስፋ አለው። ሰውነቱ ደርቆ፣ ጆሮው ቆሞ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ አፍንጫው ሥር ሥጋ ቢቀርብለት እንኳ ካላየው ለድመት ቤት አይሆንም። ያለፈውም ቢሆን ቤት ውስጥ ነው ያለፈው፤ ያችው ድመት ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ለእሱ ሌላ ነገር ናት።

መልሱ ዘግይቶ እንደሚመጣ ለቤተሰቡ ቀድሞ መንገር ላይ ግን ጉድለት አለ። እሱን የሚሠራ ሌላ ሰው ብንመድብላት ይስተካከላል።

---

የሐበሻ_ቤት

የእኛን ቤት በተመለከተ አስተባባሪዋ በአማርኛ ያዘጋጀችውን ወረቀት ብዙ ሰው አላየውም። ዋና ዋናውን እጠቅሳለሁ።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ ደም ሴል ይጎዳል። ስለዚህ ወጥ ፈጽሞ አይሰጥም፣ የቆሎ ዘቢብም አይሰጥም። የዶሮ ወጥ አጥንት የበሰለ ስለሆነ ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የግሬይሃውንድ አንገት ረጅም ነው፤ መሶቡ ላይ የቀረው ሁሉ ለአፉ ቅርብ ነው። ቡና ሲፈላ ረከቦቱ በጅራቱ ቁመት ላይ ነው፣ ጅራቱ ደግሞ እንደ አለንጋ ይመታል፦ ሲኒው ይወድቃል፣ ጅራቱም ከሰል ላይ ያርፋል። ምድጃው የሚቀመጥበት ማዕዘን በሕፃናት አጥር ይከለል። ዕጣኑ ሲጨስ መስኮት ይከፈት ወይም ውሻው ሌላ ክፍል ይሁን።

እንግዳ ሲመጣ «ውሻ ቤት ውስጥ?» ብሎ የሚፈራ ዘመድ አለ። ወረቀቷ ላይ ይህ አለ፦ ውሻው በክሬቱ ይግባ፣ እንግዳው ይቀመጥ፣ ሲረጋጋ በሊሽ ይውጣ። እማማን አያስገድዷቸው፣ ውሻውንም አያስገድዱት።

---

ደብተር_ያዥ

ገንዘቡን በተመለከተ፣ እስካሁን ነዳጁን ከራሷ ኪስ ነው የምታወጣው። በአሜሪካ የግብር ሕግ ለበጎ አድራጎት የተነዳ ማይል ተመኑ 14 ሳንቲም ነው፤ በሕግ የተቆረጠ ስለሆነ እንደ ንግድ ማይሉ በየዓመቱ አይቀየርም። ለ500 ማይል 70 ዶላር ነው። የመንገድ ክፍያና ፓርኪንግ በላዩ ይታከላል። ዲዳክሽኑን (ከግብር ተቀናሹን) በዝርዝር ለሚያቀርብ ሰው ይጠቅማል፤ ለዚህም በጉዞው ቀን የተያዘ መዝገብ ያስፈልጋል፦ ቀን፣ ከየት ወዴት፣ ለምን ሥራ፣ ስንት ማይል። በዓመቱ መጨረሻ ከትዝታ የተጻፈ ዋጋ የለውም። ወጪው 250 ዶላር ከደረሰ ማኅበሩ የጽሑፍ ማረጋገጫ ይስጣት።

ከዚህ የሚሻለው ግን ማኅበሩ ራሱ ነዳጁን ቢተካላት ነው። ለሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ አጀንዳ አስይዣለሁ።

---

ቀጭን_እግር

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ስጦታውን በተመለከተ በግል መልእክት የደረሰኝ ብዙ ነው፤ አበባና ኬክ ያላችሁም አላችሁ። እኔ የማስበው እንዲህ ነው። በ8 ዓመት በእጇ ያለፉት ውሾች የጆሮ ቁጥር በቅበላ መዝገቡ ላይ አለ። ውሻ የወሰዳችሁ ሁሉ የቀኝና የግራ ጆሮውን ቁጥር፣ የአሁን ስሙን፣ ክብደቱንና አንድ ፎቶ ላኩልኝ። የሞቱትንም ላኩ። በቅደም ተከተል ታትሞ ይጠረዛል፣ የዚህ ክር ጽሑፍም ይታከልበታል።

ሁለተኛው የስልክ ተራ ነው። የማታ ጥሪዎቹን ብቻዋን ነው የምትቀበለው። ከ2 እስከ 5 ሰዓት (ማታ) በሳምንት አንድ ቀን የሚይዝ 5 ሰው ያስፈልጋል። ለሚደውል ሰው የሚጠየቀው፦ ውሻው አሁን የት ነው፣ ይራመዳል ወይ፣ ድዱ ምን ቀለም አለው፣ መቼ በላ፣ መቼ ሰገራ ወጣ። ያነክሳል ካለ ደግሞ ሣር ላይ ነው ወይስ ሲሚንቶ ላይ ተብሎ ይጠየቅ፤ ሲሚንቶ ላይ እያነከሰ ሣር ላይ ደህና ከሆነ መዳፉ ላይ ኮርን (የደነደነ ቆዳ) መኖሩ ይታይ። ዕድሜው የገፋ ውሻ ሆኖ በየትኛውም ወለል ላይ ካነከሰና በጥቂት ቀን ካልተሻለው ራጅ ይነሣ፤ የአጥንት ካንሰር በዚህ ዘር ላይ ብዙ ነው። ድዱ ነጭ ከሆነ ወይም ሆዱ ከተነፋ ጥያቄው ይቁም፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ሆስፒታል።

---

የክሊኒክ_እጅ

ማክሰኞን ለእኔ ጻፈኝ።

---

ሰላም_ፈላጊ

ሐሙስን እኔ እይዛለሁ። ድመት ላላቸው ቤተሰቦች ደውሎ ቀጠሮውን ማስረዳቱንም ለእኔ ስጡኝ፣ የተጠባባቂዎቹን ዝርዝር ብቻ ላኩልኝ።

---

አዲስ_ገቢ_ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ማርቲንጌሉ ተገዝቷል፣ ምንጣፉም ተዘርግቷል። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ የእኛ ውሻ በቀኝ ጆሮው 109ኤ ነው ተብሏል። ጥቅምት 2019፣ የመጀመሪያው ማለት ነው?

---

የቅበላ_ቀን

አዎ እህቴ፣ ኦክቶበር 2019። የግራውን ቁጥር ስትቀበዪው ራስሽ አንብቢና ላኪልን፤ መብራቱን ከጆሮው ጀርባ።